አሮጌ ብረት በጎጃም

በ1830 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ከመርከብ የወረደ አርኖ ዳባዲ የሚባል ወጣት ውሎ አድሮ ጎጃም ገባና የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ቤተኛ ሆነ። ፈረንሳዊ ይባል እንጂ የተወለደው ደብሊን ነው፤ አባቱ የባስክ አገር ሰው፣ እናቱ አየርላንዳዊት ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ አንቷን ተራራ ሲለካና የብራና መጽሐፍ ሲሰበስብ፣ አርኖ ከጎሹ ጋር እየዘመተ የጎጃምን ጭፍራ ከውስጥ ሆኖ አየ።

ያየው ጭፍራ የፈረስና የጦር ጭፍራ ነበር። ጀግና የሚባለው ፈረሱን ኮልኩሎ፣ ጋሻውን መክቶ ጦር የሚወረውረው ነው። ነፍጥ የያዘው ጥቂት ሲሆን፣ ነፍጡም በአብዛኛው የጌታው ንብረት ነው። በቀይ ባሕር በኩል ከቱርክና ከዓረብ ነጋዴዎች የሚመጣው ያ ነፍጥ የሚተኮሰው በክር እሳት ነው፤ ተኳሹ የሚጤስ ክር ይዞ ይዞራል፣ ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሳል፣ እርሳሱን በዘንግ ይጠቀጥቃል፣ ከዚያ ክሩን አስነክሶ እስኪፈነዳ ይጠብቃል። ዝናብ ከመጣ ክሩ ይርሳል፣ ባሩዱም ይላቁጣል። ሰኔ ገብቶ መስከረም እስኪጠባ ሰማዩ በማይከፈትበት በጮቄ ተራራ ግርጌ እንዲህ ያለው መሣሪያ የዓመቱን ሲሶ ከዱላ የማይሻል ነበር። ጎሹ ራሳቸው በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ገጥመው ሲወድቁ፣ ከድል አድራጊው ከኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ በቀር ነፍጥ የአገሩን ዕጣ ይወስናል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው በ1860 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ሰናድር የሚባል ጠመንጃ ይዞ መጣ። ይህን መሣሪያ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ጎጃም የገባው ብረት ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ የእሱ ዘመድ ነው።

ሰናድር አዲስ ጠመንጃ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1853 የሠሩት በአፈሙዝ የሚጎርስ ኤንፊልድ የሚባል መሣሪያ ነበራቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ የፕሩሻ ወታደር ተኝቶ ከኋላ እያጎረሰ ሲተኩስ ባዩ ጊዜ የእነሱ ጠመንጃ በአንድ ሌሊት አረጀ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ብረት ከመጣል ያዕቆብ ስናይደር የሚባል አሜሪካዊ ያቀረበውን ዘዴ ተቀበሉ፤ የአፈሙዙን የኋላ ጫፍ ስድስት ሳንቲሜትር ገደማ ቆርጠው ጣሉት፣ በቦታው ወደ ቀኝ የሚገለጥ ክዳን ያለው ጉሮሮ ገጠሙ። ሰደፉ ያው ነው፣ አፈሙዙ ያው ነው፣ መዶሻው ያው ነው። በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይተኩስ የነበረው ግን አሥር ጊዜ መተኮስ ጀመረ። ስናይደር ግን ዋጋው ሳይከፈለው ዕዳ እንደተቆለለበት እ.ኤ.አ. በ1866 ሞተ።

ዛሬም አንድ ሰናድር እጁ የገባ ሰው ልውጡን ለይቶ ማየት ይችላል። በመዶሻው በኩል ያለው የብረት ገጽ ላይ ዘውድ ተቀርጾ ዓመትም ታትሟል፤ ብዙ ጊዜ የሚነበበው እ.ኤ.አ. ከ1866 በፊት ያለ ዓመት ነው። ክዳኑ በጣት ተገፍቶ ወደ ቀኝ ይከፈታል። ወደ ኋላ ሲጎተት ደግሞ ቀለሁን ከጎሬው ያወጣዋል፤ ከዚያ ተኳሹ ጠመንጃውን ገልብጦ ያራግፈዋል። አንዱ ብረት የሁለት ዘመን ሥራ መሆኑ እዚያው ላይ ይታያል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ሜዳ ላይ የቴዎድሮስ ሰዎች ይህን ጠመንጃ በባዶ ደረታቸው አገኙት። ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 ሰው አለቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው ሃያ ገደማ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር ሲመለስ መንገድ ላሳየውና ስንቅ ላቀረበለት ለትግሬው ካሣ ምርጫ 12 መድፍና ከ800 በላይ ጠመንጃ ትቶለት ሄደ። ያ ስጦታ ምን ያህል እንደከበደ ከሦስት ዓመት በኋላ አድዋ አጠገብ አሳም ላይ ታየ፤ ካሣ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ነሥተው ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ።

ጎጃም በዚህ ጊዜ የጎሹ የልጅ ልጅ በሆኑት በአዳል ተሰማ እጅ ለመግባት ትናጥ ነበር። አዳል ተቀናቃኞቻቸውን አሸንፈው ራስ ተባሉ፤ ጥር 1873 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ዘውድ ጫኑላቸው። መናገሻቸው መንቆረር ነበረች፤ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲተከልባት ደብረ ማርቆስ ተባለች። ንጉሡ ፈረሰኛ ሞልቷቸዋል፣ የጎደላቸው ብረት ነበር። ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር በሺህ የሚቆጠር ረሚንግተን ማርከዋል፤ የሸዋው ምኒልክ በታጁራና በዘይላ በኩል ከአውሮፓ ነጋዴ ይገዛሉ። ጎጃም ባሕር የላትም፣ የባሕር በር ካለው ጎረቤትም አትዋሰንም። ይህ ጂኦግራፊ ብቻ ነው፤ ግን ከተክለ ሃይማኖት ስሕተት ሁሉ በላይ የጎዳቸው እሱ ይመስለኛል።

ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ሲገጥሙ ይህ ልዩነት ወደ ሜዳ ወጣ። ጠቡ ከዐባይ ማዶ ባለው አገር፣ በወርቁና በዝሆን ጥርሱ፣ በቡናው መንገድ ነበር። የምኒልክ የጦር አበጋዝ የራስ ጎበና ፈረሰኞችና የሸዋ ጠመንጃ ተባብረው የጎጃምን ጦር ሰበሩት። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፣ ያላቸውም ጠመንጃ አብሮ ተማረከ። ዐፄ ዮሐንስ ነገሩን ሰምተው ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። የተማረከውንም ብረት ምኒልክ እንዲያስረክቡ አደረጉ። ጎጃም ግን ብረቷን መልሳ አላየችም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ከታጁራ ተነሥቶ በአዳል በረሃ ግመል እየነዳ አንኮበር ደረሰ። ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። የጫነው 2,000 ያህል ጠመንጃ ነበር፤ ከኋላ የሚጎርስ እንዳይመስላችሁ፣ በከብሱል የሚተኮስ፣ አውሮፓ ከአርባ ዓመት በፊት የጣለችው ብረት ነው። ራምቦ ለቤተ ሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ይህ ዕቃ በቤልጂግ ሊየዥ ከተማ በአሮጌ ብረት ነጋዴ ቤት ሰባት ወይም ስምንት ፍራንክ እንደሚያወጣ፣ ለሸዋው ንጉሥ ግን በአርባ ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ሳያፍር ይነግራቸዋል። በመጨረሻ የሟች ሸሪኩ ዕዳ ከዋጋው ላይ ተነሣበትና እንዳሰበው አልሆነለትም። እኔ አላዘንኩለትም።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው የሱዳን ድርቡሾችን ከተማ አቃጥለው ነበር። የበቀሉ ዕዳ በዓመቱ መጣ። ጥር 1880 ዓ.ም. የድርቡሽ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ብዙ ጦር አስከትሎ ደንቢያ ገባ፤ ጦሩ የያዘው ከግብፅ ሠራዊት የተማረከ ረሚንግተን ነበር። ሣር ውሃ ላይ የጎጃም ፈረሰኛ በጀግንነት ገባ፣ ተመልሶ የወጣው ግን ጥቂቱ ነው። ጎንደርም ተቃጠለች። ከእምባቦ እስከ ሣር ውሃ ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ጎጃም ሁለት ጊዜ ተሸንፋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ከፊቷ የቆመው በብረት የሚበልጣት ነው።

ከዚህ ወዲያ ብረቱ እንደ ጎርፍ መጣ። ምክንያቱ እንደገና አውሮፓ ውስጥ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩስ ለበል የሚባል ጠመንጃ ሲያወጡ፣ ከዚያ በፊት የነበራቸው የ1874ቱ ግራ ጠመንጃ ሥራ ፈታ። እኛ ውጅግራ የምንለው እሱ ነው። ውጅግራም ቢሆን ከፊሉ ልውጥ ነበር፤ ሻስፖ የሚባለው በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት የሚጎርሰው ጠመንጃ ጉሮሮው ተቀይሮ የናስ ቀለህ እንዲቀበል ተደርጎ ነው ግራ የሆነው። በጅቡቲ በኩል ሊዮን ሸፍኔን የመሳሰሉ የምኒልክ ባለጉዳዮች ይህን ብረት አስመጡት። ጣልያንም በበኩሏ ከውጫሌ ውል በፊትና በኋላ ቬተርሊ የሚባለውን ጠመንጃዋን ሰጠች፤ ይህም መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርስ የነበረ፣ በኋላ ቪታሊ የሚባል መኮንን አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና የገጠመለት ነው።

አድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው ነገር ለዚህ ታሪክ ልዩ ጣዕም አለው። የጣልያን ጦር ካርካኖ የሚባል አዲስ ጠመንጃ ነበረው፤ ለአፍሪካ ዘመቻ የተላኩት ወታደሮች ግን በግምጃ ቤት የተከማቸው ያረጀ ጥይት እንዲያልቅ ተብሎ ቬተርሊ ነበር የታደላቸው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም የጎጃምን ጦር ይዘው ከምኒልክ ጎን ተሰልፈው ነበር። ማታ ላይ ወደ 11,000 የሚሆን ጠመንጃ ከመድፉ ጋር ተማረከ። ልውጡ በልውጥ ተሸነፈ ማለት ነው። ተክለ ሃይማኖት ከአምስት ዓመት በኋላ ጥር 1893 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ከቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት ብቻ ይወጣ የነበረው ብረት የገበሬ ትከሻ ላይ መውጣት ጀምሮ ነበር።

ውጅግራ ጎጃም ውስጥ የሰው ሁሉ ጠመንጃ ሆነ። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ እርሳሱ 25 ግራም ክብደት አለው፤ የመታውን አይምርም። ተኳሹን ግን ያሳጣዋል፤ በጥቁር ባሩድ ስለሚተኩስ ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ ነጭ ጭስ ከቁጥቋጦው በላይ ይነሣል። እሱን ለማይፈራ ሰው ደግሞ ሌላው ጠመንጃ የማይሰጠው ጥቅም አለው። ቀለሁ ወፍራም ናስ ነው፤ ተተኩሶ ሲወድቅ አይጣልም። ባለቤቱ ከሣሩ ውስጥ ለቅሞ ዝናሩ ውስጥ መልሶ ይከተዋል፣ ቤቱ ሲገባ ከብሱሉን ይቀይርለታል፣ ባሩድ ይሞላዋል፣ እርሳስ አቅልጦ በቅርጹ ያፈስና ከላይ ይጠቀጥቅበታል። ባሩዱም ቢሆን ከአገሩ አይታጣም፤ ከአፈር የሚጣራ ጨው፣ ድኝና ከሰል በልኩ ሲቀላቀሉ ይገኛል። አፈሙዙ ተቆርጦ ሲያጥር ጓንዴ ይባላል፤ ለጫካ ለሽፍታ እንደሱ ያለ የለም። የተሰነጠቀ ሰደፍ በእርጥብ የበሬ ቆዳ ይጠመጠማል፣ ቆዳው ሲደርቅ ከብሎን በላይ ጠብቆ ይይዛል። አውሮፓ ለውጣ የላከችውን ብረት ጎጃሜው እንደገና ለወጠው።

የዚህ ዓይነት ነገር በጎጃም ብቻ የሆነ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1906 ዓ.ም. የአርኖ ዳባዲ የትውልድ ከተማ በሆነችው በደብሊን አጠገብ፣ ሆውዝ በሚባል ትንሽ ወደብ፣ አስጋርድ የምትባል ባለ ሸራ ጀልባ ቀረበች። ባለቤቷ ልብ ወለድ ደራሲው ኧርስኪን ቻይልደርስ ነው። ጀልባዋ ከሃምቡርግ ነጋዴ የተገዛ 900 ማውዘር ለአየርላንድ በጎ ፈቃደኞች አራገፈች፤ ሌላ 600 ደግሞ ትንሽ ቆይቶ በሌላ ጀልባ ገባ። እ.ኤ.አ. የ1871 ሥሪት ነው፤ ከውጅግራ በሦስት ዓመት ይቀድማል፤ እሱም በ11 ሚሊ ሜትር እርሳስ፣ በጥቁር ባሩድ፣ አንድ በአንድ እየጎረሰ የሚተኩስ። ሚያዝያ 1908 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት ዐመፀኞቹ የደብሊንን ፖስታ ቤት ይዘው ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጉ ያ አሮጌ ማውዘር ትከሻ እያስነቀለ ጭሱን ከመስኮት ይተፋ ነበር። ዛሬ አንድ የሆውዝ ማውዘር ለጨረታ ሲቀርብ ሰብሳቢዎች ከተራው የ1871 ማውዘር በብዙ እጥፍ ዋጋ ይሻሙበታል፤ በብረቱ ልዩነት የለም፣ የሚከፈለው ለያዘው እጅ ነው። ለዚህም ነው የጠመንጃው ቁጥርና የበጎ ፈቃደኛው ስም አብሮ የተጻፈበት ወረቀት ከጠመንጃው እኩል የሚፈለገው።

ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት የለም። ለምን እንደሌለ የሚያስረዳው ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ነው።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ግንቦት ደብረ ማርቆስ ስትገባ ጎጃም ብዙም አልተዋጋትም ነበር። የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት መታሰር፣ የራስ እምሩ ወደ ሽሬ መዝመት፣ የገሠሠ በለው ሽፍትነት አገሩን ከፋፍሎታል። ጣልያን ግን የማይነካውን ነካች፤ ጠመንጃ አስረክቡ አለች። ገበሬው ያን ጊዜ ነው የሸፈተው። በ1930 ዓ.ም. መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለው፣ በቢቸና በኩል ደግሞ በላይ ዘለቀ በየበኩላቸው ተነሡ፤ ምሽግ ውስጥ ያለው ወታደር በአውሮፕላን ስንቅ እስኪጣልለት ድረስ መንገዱ ተዘጋበት። ውጅግራውና ጓንዴው እዚህ ሥራቸውን ሠሩ፤ የመጀመሪያው ሥራቸውም ካርካኖና መትረየስ መማረክ ነበር።

ነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ሲገባ ሌላ አሮጌ ብረት መጣ። እንግሊዝ ለአርበኞቹ መጀመሪያ ያደለችው አንድ ጥይት የሚጎርስ ማርቲኒ ነበር፤ ማርቲኒ ደግሞ ሰናድርን የተካው፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ጠመንጃ ነው። የጣልያን መትረየስ የማረከ አርበኛ ይህን ሲሰጡት ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው፣ ከእንግሊዛዊው አዛዥ ከዊንጌት ጦር ጋር በቡሬና በደምበጫ አልፈው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥር 1937 ዓ.ም.፣ በላይ ዘለቀ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ተፈርዶበት አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ጎጃም ይህን አልረሳም፣ ጠመንጃውንም አላስቀመጠም።

በ1950ዎቹ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ የጦር መሣሪያ ሁሉ እንዲመዘገብና ባለቤቱ እንዲከፍልበት አዘዙ። በወረቀት ላይ ተራ የአስተዳደር ሥራ ይመስላል። የጎጃም ገበሬ ግን የተመዘገበ ነገር ነገ እንደሚወሰድ ያውቃል፤ ጣልያንም መጀመሪያ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። በዚህ ላይ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅና የርስት መሬት ሊለካ ነው ሲባል፣ በ1960 ዓ.ም. ሞጣ፣ ቢቸናና ደጋ ዳሞት ተነሡ። መንግሥት አውሮፕላን ልኮ ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ግን የተሸነፈው ግብሩ ነው፤ ፀሐዩ ከሥልጣን ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ።

የጎጃም ጠመንጃ ታሪክ ያልተጻፈው ከዚህ የተነሣ ነው እላለሁ። ቁጥሩን የሚጽፍ ሰው ሁሉ ቀማኛ ሆኖ ስለመጣ፣ የብረቱ ታሪክ በአፍ ብቻ ቀረ። ይህ የእገሌ ነው፣ ከእንዲህ ያለው ቦታ ነው የማረከው፣ ለቀብሩ ሰባት ጊዜ ተተኩሶበታል እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ ወረደ። ክላሽ ሲመጣ ውጅግራው ከግድግዳው ወርዶ ቆጥ ላይ ወጣ፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎችም አንድ በአንድ አለፉ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጣ አሮጌ ጠመንጃ በብዛት አሜሪካ ገብቷል። ግራ፣ ቬተርሊ፣ ማርቲኒ፣ ካርካኖ፣ ለበል፣ ሁሉም አለበት። አስመጪዎቹ በደረጃ ለይተው ይሸጡታል፤ የአንበሳ ምልክት ያለበት ዋጋው ይጨምራል፣ ሰደፉ የተሰበረ ይረክሳል። ገዢው ሳጥኑን ሲከፍት በቆዳ የተጠመጠመ ሰደፍ ወይም በመዳብ ሽቦ የታሰረ አፈሙዝ ያገኛል፤ አንዳንዱም ያን የጥገና ቆዳ እንደ ቆሻሻ ቆርጦ ይጥለዋል። የትኛው ከጎጃም፣ የትኛው ከሸዋ ወይም ከወሎ እንደመጣ የሚናገር ምንም የለም። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1899 በፊት የተሠራን ጠመንጃ ከቅርሳ ቅርስ ስለሚቆጥረው፣ ገዢው የፌዴራል ፈቃድም ምዝገባም አይጠየቅም። የሞጣ ገበሬ አላስመዘግብም ብሎ የሸፈተለት ውጅግራ አሁን ሳይመዘገብ በፖስታ ቤት ድረስ ይመጣል።